ቤሲ ኮልማንና ያሰበችው ትምህርት ቤት

በአሜሪካን አገር በቴክሳስ ክፍለ ግዛት የጥጥ መልቀሚያው ወራት በደረሰ ጊዜ የጥቁሮች ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት ይዘጋ ነበር። የሚዘጋውም መምህሩ ስለ ታመመ ወይም ቤቱ ስለ ፈረሰ አልነበረም፤ ልጆቹ ሁሉ ከወላጆቻቸው ጋር ወደ እርሻው ስለሚወርዱ የሚማር አይገኝም ነበርና ነው። ጥጡ ተለቅሞ ሲያልቅ ልጆቹ ይመለሳሉ፤ ካቆሙበትም ይቀጥላሉ። ከነዚህ ልጆች አንዷ ቤሲ ኮልማን ነበረች። እርሷም ከጥቁር ሴቶች መካከል በዓለም የመጀመሪያዋ የአይሮፕላን ነጂነት ምስክር ወረቀት የተቀበለች ለመሆን በቃች።

ቤሲ የተወለደችው እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በጃንዋሪ 26 ቀን 1892 ዓ.ም. አትላንታ በምትባል የቴክሳስ ትንሽ ከተማ ነው፤ ከዚህ በታች የሚነገረውም ዘመን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው። ከ13 ልጆች 10ኛዋ ነበረች። ጥቂት ቆይቶ ቤተ ሰቡ ዋክሳሃቺ ወደምትባል የጥጥ አገር ተዛወረ። አባቷ ጆርጅ ኮልማን በዘራቸው ከአገሩ ቀደምት ነዋሪዎች፣ ከቀይ ሕንዶች ወገን የሚወለዱ ሲሆኑ፣ በቴክሳስ ጥቁር ሰው ድምፅ የማይሰጥበትና መብት የማያገኝበት ኑሮ ስለ መረራቸው በ1901 ዓ.ም. የቀይ ሕንዶች ምድር ወደሚባለው ወደ ኦክላሆማ ለመሄድ ቈረጡ። ባለቤታቸው ሱዛን ግን አልተከተሏቸውም። ስለዚህ እናትየው የቀሩትን ልጆች በሰው ቤት እየሠሩ ብቻቸውን ለማሳደግ ተገደዱ፤ ቤሲም ገና የ9 ዓመት ልጅ ሳለች የታናናሾቿ ጠባቂ ሆነች።

ወይዘሮ ሱዛን ራሳቸው ፊደል የቈጠሩ አልነበሩም። ይሁን እንጂ ልጆቻቸው እንዲማሩ ከነበራቸው ጽኑ ፈቃድ የተነሣ ተጓዥ መጻሕፍት ቤት በሠረገላ ወደ መንደሩ በመጣ ቍጥር መጻሕፍት ያመጡላቸው ነበር። ማታ ማታ ቤሲ ለቤተ ሰቡ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነባለች። ቀን ደግሞ 6 ኪሎ ሜትር ከግማሽ ያህል በእግሯ ተጕዛ አንድ ክፍል ብቻ ወዳለው ትምህርት ቤት ትደርሳለች፤ በዚያም በሒሳብ ትምህርት ከጓደኞቿ በልጣ ታየች። ይህ ሒሳብ በእርሻው ላይ ጥቅም ሰጠ። የጥጡ ጆንያ በሚዛን ላይ በሚወጣበት ጊዜ የቤተ ሰቡን ድርሻ በመዝገብ የምትጽፍ፣ ቈጣሪውም እንዳያታልላቸው የምትጠብቅ እርሷ ነበረች። ጥጥ መልቀም ራሱን ግን ፈጽሞ አትወድም ነበር ይባላል።

ከፍ ካለች በኋላ ልብስ በማጠብ ያጠራቀመችውን ገንዘብ ይዛ በ1910 ዓ.ም. ኦክላሆማ ውስጥ ላንግስተን በምትባል ከተማ ወዳለው የጥቁሮች የእርሻና የመምህራን ማሠልጠኛ ዩኒቨርሲቲ ገባች። በዚያ ዘመን ለአንዲት ጥቁር ልጃገረድ ከሰው ቤት ሎሌነት የምትወጣበት የታወቀው መንገድ መምህርነት ነበር። ቤሲ ግን ከአንድ የትምህርት ወቅት አላለፈችም፤ ገንዘቧ አለቀ። ወደ ዋክሳሃቺ ተመልሳ የልብስ ማጠቢያውን ገንዳ እንደገና ያዘች። ማሠልጠኛው አንዲት መምህርት አጣ። ይህን የመሰለ መመለስ በየአገሩ ስንት ተማሪ እንደ ደረሰበት መምህራን ሁሉ የሚያውቁት ነው።

በ1915 ዓ.ም. የ23 ዓመት ወጣት ሆና ወንድሞቿ ወደሚኖሩባት ወደ ሺካጎ ሄደች። በደቡብ ያሉ ጥቁሮች ከጥጡ እርሻ ሸሽተው በብዙ ሺህ ወደ ሰሜን ከተሞች የሚጎርፉበት ወራት ነበር። ቤሲ በወንዶች ጠጉር ቤት የደንበኞችን ጥፍር የማስተካከል ሥራ ተማረችና ተቀጠረች። ሥራው ቀላል ቢመስልም አንድ ጥቅም ነበረው፤ የከተማው ጥቁር ሀብታሞች፣ ነጋዴዎችና ጋዜጠኞች በፊቷ ይቀመጡ ነበርና ወሬያቸውን ሁሉ ትሰማለች።

የአንደኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ በኋላ ወንድሟ ጆን ከፈረንሳይ ዘምቶ ተመለሰ። አንድ ቀን ወደ ጠጉር ቤቱ ገብቶ በእኅቱ ላይ ይቀልድባት ጀመር። የፈረንሳይ ሴቶች ከእኛ ሴቶች ይበልጣሉ፣ አይሮፕላን እንኳ ይነዳሉ፣ አንቺ ግን መቼም አትበሪም እያለ አሾፈባት። በእውነትም ፈረንሳዊቷ ሬይሞንድ ደ ላሮሽ በ1910 ዓ.ም. የነጂነት ምስክር ወረቀት የተቀበለች የመጀመሪያዋ ሴት ነበረችና ነገሩ ሐሰት አልነበረም። ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን የወንድም ቀልድ ሰምቶ ስቆ ያልፈዋል። ቤሲ ግን ያን ቀን ሥራዋን መረጠች።

ነገር ግን በአሜሪካ ካሉት የበረራ ትምህርት ቤቶች የሚቀበላት አላገኘችም። አንዱ በጥቁርነቷ፣ ሌላው በሴትነቷ፣ የሚበዙትም በሁለቱም ምክንያት ከበር መለሷት። የሺካጎ ዲፌንደር ጋዜጣ መሥራችና ባለቤት ሮበርት አቦት ይህን በሰሙ ጊዜ መከሯት፤ ምክራቸውም ፈረንሳይኛ ተምራ ወደ ፈረንሳይ እንድትሄድ ነበር። እርሷም ምክሩን ተቀብላ በከተማው በሚገኘው በበርሊትዝ የቋንቋ ትምህርት ቤት ተመዘገበች። ቀን የሰው ጥፍር እያስተካከለች ማታ የፈረንሳይኛ ግሥ ታጠና ነበር። ከራሷ ቍጠባ በላይ አቦትና የባንክ ባለቤት የሆኑት ጄሲ ቢንጋ ረዷት። በኖቬምበር 1920 ዓ.ም. በመርከብ ተሳፍራ አትላንቲክን ተሻገረች፤ ዕድሜዋም 28 ዓመት ሆኖ ነበር።

በሰሜን ፈረንሳይ የሶም ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት አጠገብ ለ ክሮቷ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በዚያ የኮድሮን ወንድማማቾች ያቋቋሙት የበረራ ትምህርት ቤት ነበር። ቤሲ ማደሪያዋ ራቅ ያለ ስለ ነበር በየቀኑ ብዙ ኪሎ ሜትር በእግሯ ትመላለስ ነበር። ከቴክሳሱ የልጅነት መንገዷ ጋር ሲነጻጸር ይህ አዲስ ነገር አልሆነባትም።

የተማረችበት አይሮፕላን ኒዩፖር 82 የሚባል፣ ሁለት ሰው የሚይዝ፣ ክንፉ በላይና በታች የተደራረበ ነበር። አካሉ እንጨት፣ ልብሱ ሸራ፣ ማሰሪያው ሽቦ ነው። መሪው እንደ መኪና ክብ አይደለም፤ ተማሪዋ በእጇ የምትይዘው ቀጥ ያለ ዘንግ፣ በእግሮቿ የምትገፋው ደግሞ አግድም የሆነ እንጨት ነበር። ዘንጉ አፍንጫውን ወደ ላይና ወደ ታች፣ ክንፎቹንም ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዘነብላል፤ የእግሩ እንጨት የጭራውን መቅዘፊያ ያዞራል። ማቆሚያ ፍሬን የለውም። ወደ መሬት ሲወርድ ከጭራው ሥር ያለው እግር አፈሩን እየፋቀ ቀስ በቀስ ያስቆመዋል። ተማሪው ከመውጣቱ በፊት ሽቦውንና ሸራውን፣ እያንዳንዱንም ማያያዣ በዓይኑና በእጁ መመርመር አለበት፤ አንዱ ከላላ በሰማይ ላይ የሚያጠብቀው የለምና።

የማስተማሩ ዘዴም ለመምህራን ሊነገር የሚገባው ነው። የሞተሩ ድምፅ እጅግ ከፍተኛ ስለ ሆነ መምህሩ ከፊት፣ ተማሪዋ ከኋላ ተቀምጠው አንዳቸው የሌላውን ቃል መስማት አይችሉም። የሁለቱ መቀመጫዎች ዘንጎችና የእግር እንጨቶች ግን የተያያዙ ናቸው። መምህሩ ዘንጉን ሲስብ በተማሪዋ እጅ ያለው ዘንግ አብሮ ይሳባል፤ መምህሩ በግራ እግሩ ሲገፋ የእርሷም እግር ይሰማዋል። ቤሲ እንዲህ አድርጋ የመምህሯን እጅ በእጇ እየተከተለች ያለ ንግግር ተማረች። አንድ ቀን አብሯት ይማር የነበረ ሰው በዓይኗ ፊት ወድቆ ሞተ። ድንጋጤው ቀላል አልነበረም፤ ትምህርቷን ግን አላቋረጠችም።

በሰባት ወር ውስጥ ትምህርቷን ጨርሳ በጁን 15 ቀን 1921 ዓ.ም. ከዓለም አቀፉ የአየር ማኅበር የነጂነት ምስክር ወረቀት ተቀበለች። ዝናዋ እስከ ዛሬ በዓለም የሚሰማው አሚሊያ ኤርሃርት ይህንኑ የመሰለ ወረቀት ያገኘችው ከሁለት ዓመት ያህል በኋላ ነው። በወረቀቱ ላይ የቤሲ የልደት ዘመን 1896 ተብሎ ተጽፏል፤ አራት ዓመት ቀንሳለች ማለት ነው። እርሷ ስለ ራሷ የምትናገረውን ሁሉ እንደ ወረደ መቀበል አይገባም። ለጋዜጠኞች ስትናገር የቀነሰችው ዓመት፣ የጨመረችውም ጀብዱ ነበር። ይህ ጉድለት ቢሆንም፣ ሥራዋን የሚያውጅላት ጋዜጣ ካልተገኘ አይሮፕላን የሚገዛላት ገንዘብ እንደማይገኝ ታውቅ ነበር።

ወደ አሜሪካ ስትመለስ የጥቁሮቹ ጋዜጦች በደስታ ተቀበሏት። እንጀራ ግን ወዲያው አልተገኘም። በዚያ ዘመን የመንገደኛ አይሮፕላን ሥራ ገና ስላልተስፋፋ በረራ የሚያበላው በሕዝብ ፊት ልዩ ልዩ ትርኢት ለሚያሳይ ሰው ነበር። ለዚህ ደግሞ ያላት ትምህርት አልበቃትም። ስለዚህ በ1922 ዓ.ም. እንደገና ወደ ኤውሮጳ ተሻግራ በፈረንሳይ፣ በሆላንድና በጀርመን ከፍ ያለ ልምምድ አድርጋ ተመለሰች። በሴፕቴምበር 3 ቀን በዚያው ዓመት በኒውዮርክ አጠገብ ከጦርነቱ ለተመለሱ ጥቁር ወታደሮች ክብር በተዘጋጀው በዓል የመጀመሪያ ትርኢቷን አሳየች። ጥቂት ቆይታ በሺካጎ በሕዝቧ ፊት በረረች፤ በሰማይም ላይ የ8 ቍጥርን ቅርጽ ሠራች፤ ይኸውም ጆን ላገለገለበት ለ8ኛው ክፍለ ጦር መታሰቢያ ነበር። መቼም አትበሪም ላለው ወንድም ከዚህ የተሻለ መልስ አይገኝም።

ሕዝቡ ትርኢቱን ሲያይ የቤሲ አሳብ ግን ሌላ ነበር። ከፈረንሳይ ከተመለሰች ጀምሮ በየጋዜጣው የተናገረችው፣ በየከተማውም ገንዘብ የለመነችበት ጉዳይ አንድ ነው፤ ጥቁር ወጣቶች፣ ወንዶችም ሴቶችም፣ ባሕር መሻገር ሳያስፈልጋቸው በአገራቸው መብረር የሚማሩበት ትምህርት ቤት ለማቋቋም ነበር። ለምስክር ወረቀት ውቅያኖስ ያሻገራት የተዘጋ በር ነውና ከእርሷ በኋላ የሚመጡት ያን በር ተከፍቶ እንዲያገኙት ፈለገች።

በዚህ መካከል አንድ የጥቁሮች የፊልም ድርጅት ዋና ተዋናይት እንድትሆን ጠራት። ገንዘቡ ለትምህርት ቤቱ መነሻ ሊሆን ይችል ነበርና በደስታ ተስማማች። ነገር ግን በመጀመሪያው ትርኢት የተቀዳደደ ልብስ ለብሳ፣ በትር ይዛና ጓዟን አዝላ እንደ አላዋቂ ባላገር ወደ ከተማ ስትገባ እንድትታይ መታሰቡን ባወቀች ጊዜ ሥራውን ትታ ወጣች። ነጮች ስለ ጥቁሮች በሚሥሉት የማፌዣ ሥዕል ላይ የራሷን መልክ ለመጨመር አልፈቀደችም። ይህ እንቢታ ብዙ ደጋፊዎች አሳጣት፤ ግትርና አስቸጋሪ የሚል ስምም አወጣላት። ግትርነቱ ሐሰት አልነበረም፤ ከሥራ አስኪያጆቿ ጋርም በየጊዜው ተጣልታለች። ይሁን እንጂ በዚህኛው ጉዳይ የተሳሳተችው እርሷ አልነበረችም።

ቀጥላ ወደ ካሊፎርኒያ ሄዳ የራሷን አይሮፕላን ገዛች። እርሱም ከርቲስ ጄ.ኤን. 4 የተባለው፣ ሰው ሁሉ ጄኒ እያለ የሚጠራው፣ ከጦርነቱ የተረፈ አሮጌ ማሠልጠኛ ነበር። ሞተሩ 90 የፈረስ ጕልበት፣ ፍጥነቱም ቢበዛ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጦሩ ብዙ ሺህ ጄኒ ስለ ተረፈው በርካሽ ይሸጥ ነበር፤ የዚያ ዘመን ድኻ በራሪ ሁሉ የሚበረው በጄኒ ነው። በፌብሩዋሪ 1923 ዓ.ም. ቤሲ በሎስ አንጀለስ ወደ ተዘጋጀው ትርኢቷ ለመሄድ እንደ ተነሣች ሞተሩ ከመሬት 90 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ጠፋ። አይሮፕላኑ ተሰባበረ፤ እርሷም እግሯና የጎን አጥንቶቿ ተሰብረው ወራት በሆስፒታል ተኛች። ከአልጋዋም ላይ ሆና መራመድ እንደ ቻለች እንደምትበር ለወዳጆቿ አስታወቀች። አይሮፕላን፣ ገንዘብና ጤና ባንድ ቀን የጠፉባት ሰው ይህን ስትልክ ብዙዎች ሳይስቁባት አልቀሩም።

እንደገና ለመነሣት ሁለት ዓመት ፈጀባት። በ1925 ዓ.ም. ወደ ተወለደችበት ወደ ቴክሳስ ተመልሳ፣ በዚያ ያሉ ጥቁሮች ከባርነት ነፃ የወጡበትን በዓል በሚያከብሩበት በጁን 19 ቀን በሂውስተን በረረች። የራሷ አይሮፕላን ስላልነበራት የምትበረው በተዋሰችው ነው። ቀጥሎ ተራው የዋክሳሃቺ ሆነ፤ በልጅነቷ ጥጥ የለቀመችበት፣ የነጮችን ልብስ ያጠበችበት አገር ነው። አዘጋጆቹ ለነጮችና ለጥቁሮች ሁለት የተለያየ መግቢያ ሊያደርጉ አሰቡ። ቤሲ ሰው ሁሉ በአንድ በር ካልገባ አልበርም ብላ ቆመች። ከብዙ ንግግር በኋላ በሩ አንድ ሆነ። ወደ ውስጥ ከገቡ በኋላ ግን ሁለቱ ወገኖች ለየብቻ ተቀመጡ። ድሉ ግማሽ ነበር፤ እርሷም ከዚያ በላይ ማግኘት አልቻለችም።

ትርኢት በማይኖርበት ጊዜ በቤተ ክርስቲያን፣ በቲያትር ቤትና በትምህርት ቤት እየዞረች በፈረንሳይና በጀርመን የበረረችበትን ፊልም እያሳየች ንግግር ታደርግ ነበር። ያልተፈጸመላት መምህርነት በዚህ መንገድ ተመለሰላት ቢባል ስሕተት አይሆንም። በፍሎሪዳ በአንድ ቄስና በባለቤታቸው ቤት ተቀምጣ የሴቶች የውበት ሳሎን ከፈተች። በሺካጎ የጀመረችውን የእጅ ሥራ እንደገና ይዛ ለአይሮፕላን መግዣ ማጠራቀም ጀመረች ማለት ነው። በመጨረሻም አንድ ወጣት ነጭ ሀብታም የጎደለውን ጨምሮላት በዳላስ ከተማ አንድ አሮጌ ጄኒ ተገዛላት።

ይህን አይሮፕላን ከዳላስ ወደ ፍሎሪዳ ያመጣላት ዊልያም ዊልስ የሚባል የ24 ዓመት መካኒክ ነው። ሞተሩ እጅግ ያረጀ ስለ ነበር በመንገድ ሦስት ጊዜ ሳይወድ በግድ አረፈ። ይህ ማስጠንቀቂያ ሊሆን በተገባው ነበር። ነገር ግን በጃክሰንቪል ከተማ በሜይ 1 ቀን የሚደረግ በዓል ቀርቦ ስለ ነበር ጊዜ አልነበራትም። በኤፕሪል 30 ቀን 1926 ዓ.ም. ጧት ቤሲና ዊልስ ሜዳውን ለመቃኘት ተነሡ። በማግሥቱ በጃንጥላ ለመዝለል አስባ ነበርና የምትወርድበትን ስፍራ ጎንበስ ብላ ለማየት ትችል ዘንድ መታጠቂያዋን አላሰረችም። የሚነዳውም ዊልስ ነበር። ድንገት አይሮፕላኑ አፍንጫውን ደፍቶ ወረደ፣ እየተሽከረከረም ተገለበጠ። ቤሲ ከመቀመጫዋ ተወርውራ ወድቃ ወዲያው ሞተች። ዊልስም ከአይሮፕላኑ ጋር ወድቆ ሞተ፤ ስብርባሪውም በእሳት ተያያዘ። በኋላ በተደረገው ምርመራ አንድ የመካኒክ መፍቻ በመሪው ማርሽ ውስጥ ተቀርቅሮ ተገኘ። ቤሲ 34 ዓመቷ ነበር። ትምህርት ቤቱ አልተሠራም።

አስከሬኗ ከጃክሰንቪል ተነሥቶ ወደ ሺካጎ ሲጓዝ በየስፍራው ሕዝብ እየወጣ አለቀሰላት። በሺካጎም 10,000 ያህል ሰው በሊንከን መካነ መቃብር እንድታርፍ ሸኛት። የሥነ ሥርዓቱ መሪ የጥቁሮችን በግፍ መገደል በመቃወም የታወቁት ጸሐፊ ወይዘሮ አይዳ ዌልስ ነበሩ። የነጮቹ ጋዜጦች ግን ስለ አደጋው ሲጽፉ ዊልስን በስሙ እየጠሩ የእርሷን ነገር በአጭሩ አለፉት።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1929 ዓ.ም.፣ ዊልያም ፓወል የተባሉ ጥቁር መሐንዲስ በሎስ አንጀለስ በስሟ የቤሲ ኮልማን የአየር ክለብ አቋቁመው ለጥቁር ወጣቶች የበረራ ትምህርት ማስተማር ጀመሩ። በሺካጎ ደግሞ ጆን ሮቢንሰን የሚባሉ መካኒክ አንድ ታላቅ የአየር ትምህርት ቤት አልቀበልም ባላቸው ጊዜ በዚያው ቤት ወለል ጠራጊ ሆነው ተቀጠሩ። እየጠረጉም ትምህርቱን ያዳምጡ ነበር። በኋላ ከጓደኛቸው ከኮርኔሊየስ ኮፊ ጋር ተማሪ ሆነው ተመረቁና በዚያው ትምህርት ቤት የጥቁሮች ክፍል ተከፍቶ ራሳቸው አስተማሩ። ከተማሪዎቻቸውና ከጓደኞቻቸው ጋር የበራሪዎች ማኅበር መሠረቱ፤ ሮቢንሰንም ሊቀ መንበሩ ሆኑ።

እኒሁ ሮቢንሰን ናቸው በ1935 ዓ.ም. የጣልያን ጦርነት ሲያንዣብብ በዶክተር መላኩ በያን አማካይነት ተጠርተው ወደ ኢትዮጵያ የመጡት። በዚያ ዘመን ከባሕር ወደ አዲስ አበባ የሚገባ እንግዳ ከመርከብ የሚወርደው ጅቡቲ ነበር፤ ወደቡና ማዕከላዊ ገበያው፣ ከ1917 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ የደረሰው ምድር ባቡርም አገናኝቶ የያዛት ከተማ ነበረችና። ሮቢንሰንም በሜይ ወር ጅቡቲ ወርደው በባቡሩ አዲስ አበባ ገቡ። በኮሎኔልነት ማዕርግ የንጉሠ ነገሥቱን ጥቂት አይሮፕላኖች አዘዙ፤ እስከ 1936 ዓ.ም. በጦርነቱ መካከል መሣሪያ በሌለው አይሮፕላን መልእክትና መድኃኒት አመላለሱ። በ1944 ዓ.ም. ተመልሰው ኢትዮጵያውያን ወጣቶችን መብረር አስተማሩ። በማርች 1954 ዓ.ም. በአይሮፕላን አደጋ ቆስለው አዲስ አበባ አረፉ፤ የተቀበሩትም በዚያው ነው።

እኒህ ሰው ገና ወደ ኢትዮጵያ ሳይመጡ፣ በ1931 ዓ.ም.፣ የሺካጎው ማኅበራቸው አንድ ልማድ ጀምሮ ነበር። አባሎቹ በየዓመቱ አይሮፕላኖቻቸውን አስነሥተው በሊንከን መካነ መቃብር ላይ ዝቅ ብለው እየበረሩ በቤሲ ኮልማን መቃብር ላይ አበባ ይጥሉ ነበር።